የፋብሪካ ቀለም

ኩልሱም ሙያውን የጀመረችው የሰው ጥርስ በመልቀም ነው።

ከካራ ከፍ ብሎ፣ የእንጦጦ ተራራ ሰንሰለት ወደ ምሥራቅ ሄዶ በሚያልቅበት ዳገት ላይ ያለው የሕሩይ ጋራዥ ለአዲስ ሠራተኛ መዶሻም ቀለምም አያስይዝም። ባልዲ፣ ብሩሽና የዱቄት ሳሙና ነው የሚሰጠው። ተጋጭቶ የመጣ መኪና ውስጡ ሳይጸዳ ማንም አይነካውም፤ የሚያጸዳው ደግሞ ሁልጊዜ በመጨረሻ የተቀጠረው ሰው ነው። ለኩልሱም የደረሳት ሚኒባስ ነበር። የፊት መስታወቱ ወደ ውስጥ ረግፏል፤ የሾፌሩ ወንበር በደረቀ ደም ጠጥሯል፤ መሪው ላይ አጭር ጸጉር ከነቆዳው ተጣብቋል። ጥርሱን ያገኘችው ከእግር ምንጣፉ ሥር ነው። ሥሩ ረጅም ነበር።

«ይኼን ምን ላድርገው?» አለች በሁለት ጣቷ ይዛ።

«ወርቅ ነው?» አላት ሰላሙ ቀና ሳይል።

«አይደለም።»

«እንግዲያው የኔ አይደለም።»

ሰላሙ የጋራዡ ባቲላሜራ ነው፤ የተጨማደደ ቆርቆሮ በመዶሻ እየቀጠቀጠ ወደ ቅርጹ ይመልሳል። ከሆሳዕና የመጣ ትከሻ ሰፊ ሰው ሲሆን፣ የማይቀልደው መዶሻው ከድምፁ ሲበልጥ ብቻ ነው። ኩልሱም ጥርሱን በጋዜጣ ጠቅልላ ከአጥሩ ውጭ ባሕር ዛፍ ሥር ቀበረችውና ወደ ወንበሩ ተመለሰች። ስፖንጁን በተጫነችው ቁጥር ቡናማ ውሃ እየወጣ በክንዷ ላይ ይወርዳል። ሦስት ቀን አጠበችው። በአራተኛው ቀን ወንበሩን አዲስ ቆዳ አለበሱት፤ ስፖንጁ ያው ነበር። ሚኒባሱን የገዛው ሰው ቁልፉን ሲቀበል፣ ፀሐይ በርትታ ስለነበር፣ አፍንጫውን ነፋ ነፋ አድርጎ «ምንድን ነው የሚሸተው?» ብሎ ጠየቀ።

«ማስቲሽ ነው፣ ይለቃል» አለው ሕሩይ።

ኩልሱም ያን ቀን ምሳዋን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። ቤተሰቧ ከስልጤ መጥቶ ከሾላ ገበያ ጀርባ የሰፈረ ነው፤ እናቷ ሐቢባ ገበያው ውስጥ በርበሬ፣ እርድና ኮረሪማ ትሸጣለች። ኩልሱም በልጅነቷ የማረቆን በርበሬ ከሀላባው ሳትቀምስ፣ በቀለሙ ብቻ ትለይ ነበር። የዓይኗን ነገር የሚያውቁ ጎረቤቶች ጨርቅ ሲገዙ ይዘዋት ይሄዱ ነበር። በቴክኒክ ኮሌጅ የመኪና አካል ጥገና ሁለት ዓመት ስትማር ግን ለሠላሳ አምስት ተማሪ የደረሰው አንድ አሮጌ ፓራፋንጎ፣ ማለት አንድ የፊት ጎማ ክዳን ነው። ሠላሳ አምስቱም ተራ በተራ ሲፍቁትና ሲቀቡት ወፍሮ እንደ ድንች ሆኖ ነበር። ወረቀቱን ይዛ ወጣች፤ እጇ ግን ምንም አያውቅም። ስምንት ጋራዥ ዞረች። ሰባቱ ስልክ እንድታነሣና ሻይ እንድታቀርብ ጠየቋት። ባልዲ የሰጣት ሕሩይ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ወደደችው።

ከባልዲው ቀጥሎ ስቱኮ መጣ። ስቱኮ የተሰረጎደ ቆርቆሮ የሚሞላበት ሮዝ ሊጥ ነው፤ ተለጥፎ ሲደርቅ ከአካሉ ጋር እስኪስተካከል ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል። ኩልሱም ዓመት ከአራት ወር ፋቀች። ብናኙ በሻርፗ እጥፋት ውስጥ ይከማቻል፣ ቅንድቧ ላይ ይቀመጣል፣ ስታስነጥስ ሮዝ ሆኖ ይወጣል። ቀለም በእጅ ላይ ካለ ውሃ ቆዳውን ስለማይነካው የሶላት ትጥበቱ፣ ውዱ፣ አይሆንላትም፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሶላት በፊት ጣቶቿን በቲነር ትፈትጋለች። ቆዳዋ ተሰነጣጠቀ። እናቷ በመጨረሻ ከሱቁ አባረረቻት።

«ኩሉዬ፣ ከዚህ ወዲያ ቁሚ» አለቻት ሐቢባ አንድ ቀን፣ በርበሬውን በላስቲክ እየሸፈነች። «ትናንት አንዷ ደንበኛዬ ‹እትዬ፣ ይሄ በርበሬ ነዳጅ ነዳጅ ይላል› ብላ መለሰችልኝ። ልጄ ናት ብዬ ላስረዳት?»

ሕሩይ ስልሳ ሊሞላው የተቃረበ ቀጭን ሰው ነው። ጋራዡም የእሱ ነው፣ ዋናው ቀቢም እሱ ነው። ቀለም በረጨ ቁጥር ግማሽ ሊትር ወተት በአንድ ትንፋሽ ይጠጣል፤ ወተት መርዙን ከደረት ይጠርጋል ብሎ ያምናል። አፉን ሳያብስ ያወራል፤ ጺሙ ላይ የወተቱ አረፋና የቀለሙ ብናኝ ተቦክተው ይደርቃሉ። አክታው የዕለቱን መኪና ቀለም ይመስላል። ሠራተኞቹ መሬቱን አይተው ጠዋት ምን እንደተቀባ ያውቃሉ። ኩልሱም ይህን ሁሉ እያየች፣ እየቀፈፋት፣ ከጎኑ አልራቀችም፤ ምክንያቱም ሰውየው እጁ ላይ ሌላ ሰው ነበር። ነጭ ቀለም አንድ ብቻ ይመስላት የነበረችውን ልጅ አሥራ አንድ ነጭ አሳያት። በነጩ ላይ የጥቁር ጠብታ፣ የቢጫ ጠብታ፣ አንዳንዴ በእንጨት ጫፍ የተነካች ቀይ ጨምሮ በቁራጭ ቆርቆሮ ላይ ይቀባና ከመኪናው አጠገብ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ጠዋት በሚወጣው ብርሃን ያየዋል። የሚሠራው ከእንጦጦ በኩል የሚወርደው ነፋስ ከመነሣቱ በፊት ነው፤ ከረፋዱ በኋላ የባሕር ዛፍ ቅጠልና አቧራ እርጥብ ቀለም ላይ ይወድቃል።

ጋራዡ አንድ ሕግ ነበረው። ሠራተኛ ባለሙያ የሚባለው አንድ ሙሉ መኪና ብቻውን ቀብቶ፣ መኪናውን የሚያየው ሰው መቀባቱን ሳያውቅ ሲቀር ነው። ያን ጊዜ ሕሩይ የቀለም ክፍሉን ቁልፍ ይሰጠዋል። ክፍሉ በወፍራም ላስቲክ የተሸፈነ፣ ወለሉ አቧራ እንዳያስነሣ በውሃ የሚርስ ድንኳን ነው። ሕሩይ ደረቱ ስለደከመ ከእሱ ቀጥሎ ማን እንደሚገባበት ሁሉም ይጠብቅ ነበር። ኩልሱም ከዚያ ክፍል በቀር ሌላ ነገር አልፈለገችም። ሴት ቀቢ የሚቀጥር ሌላ ጋራዥ እንደሌለ በሰባት በር ላይ አይታለች።

በሁለተኛው ዓመት የጥር ወር ነጭ ቪትስ መጣች። መጣች ከማለት ተጫነች ማለት ይሻላል። ኤጀታ የሚባለው የመኪና ደላላ በአይሱዙ ጭኖ ያመጣት የፊት ግማሽ ነበር፤ የኋላው ግማሽ ከሦስት ቀን በኋላ ለብቻው ደረሰ። የመጀመሪያዋ ቪትስ ከኋላዋ በሲኖትራክ ተጨፍልቃለች። ሁለተኛዋ ከፊቷ የኮንክሪት አጥር ውስጥ ገብታለች። ሰላሙ ሁለቱንም ከወንበሮቹ መካከል ቆርጦ፣ ጤነኛውን የፊት ከጤነኛው የኋላ ጋር በየዳቸው። ብየዳው በወለሉ፣ በሁለቱ የመካከል ምሰሶዎችና በጣሪያው ላይ እንደ ቀበቶ ዞረ።

«ኩሉ፣ ዕድለኛ ነሽ» አላት ኤጀታ። «ሰው አንድ ሙሉ መኪና ይቀባል። አንቺ ሁለት ትቀቢያለሽ።»

«ብትጋጭስ?» አለች ኩልሱም።

«ትጋጫለች እንዴ? ሁለት ጊዜ ተጋጭታ የለ፤ ይበቃታል።»

ሰላሙ ሳቀ። ኩልሱም ወደ ሕሩይ ዞረች።

«ጋሽ ሕሩይ፣ እውነት ይቺ ብየዳ ትይዛለች?»

«ቀጥ ባለ መንገድ ትይዛለች።»

«ቁልቁለት ላይስ?»

«አንቺ ቀቢ ልትሆኚ ነው የመጣሽው ወይስ መንገድ ትራንስፖርት?» አለ ሕሩይ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይቺ ያንቺ ሙሉ መኪና ናት። ከፈለግሽ ለሌላ ሰው እሰጣታለሁ» አላት።

ወሰደቻት።

ገዢዎች ማግኔት በመሐረብ ጠቅልለው እንደሚመጡ ጋራዡ ሁሉ ያውቃል። ማግኔት ብረት ላይ ይጣበቃል፤ ስቱኮ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ሕሩይ ብየዳው ላይ ስቱኮውን ካስለጠፋት በኋላ ከዘይት ቆርቆሮ በመቀስ ስስ ጥብጣብ ቆርጣ በላዩ እንድታጣብቅ፣ ከዚያ በላይ እንደ ወረቀት የሳሳ ስቱኮ ብቻ እንድትደርብ አሳያት። ማግኔቱ የሚይዘው የዘይቱን ቆርቆሮ ነው። ሥራው ጥሩ እጅ ይፈልጋል። ቆርቆሮው ጠርዙ ከታወቀ ሁሉ ነገር ይበላሻል። ኩልሱም ጠርዞቹን በጥፍሯ ጫፍ እየዳሰሰች ስድስት ቀን ሠራች። በሰባተኛው ቀን ዓይኗን ጨፍና በምሰሶው ላይ መዳፏን ስታሳልፍ ብየዳው የት እንዳለ ራሷም አላገኘችውም። ደስ አላት፤ መደሰቷን ስታውቅ መዳፏን በቱታዋ ላይ ደጋግማ ጠረገች።

ነጩን ራሷ ቀየጠች። ሕሩይ ቁራጩን ቆርቆሮ አይቶ ከመኪናዋ አጠገብ መልሶ አኖረው፤ በእሱ ዘንድ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገብታ፣ ወለሉን አርሳ፣ ሦስት ዙር ቀለምና ሁለት ዙር ቫርኒሽ ረጨች። በማግስቱ ላስቲኩ ሲነሣ ሰላሙ መዶሻውን አስቀምጦ መጣ። በኮፈኑ ላይ የባሕር ዛፎቹ ቅርንጫፍ ሳይቀር ይታይ ነበር።

ሕሩይ አንድ ጊዜ ዞራትና ተፋ። አክታው ነጭ ነበር።

«ምንድን ነው የሠራሽው?»

«ምን ሆነ?»

«መስታወት! ማን መስታወት አዘዘሽ? ቶዮታ መስታወት አይሠራም። ጠጋ ብለሽ የፋብሪካ ቀለም አይተሽ አታውቂም? እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሸከር ይላል። ይቺን ያየ ሰው ሁሉ ‹ትናንት ነው የተቀባችው› ይላል።»

«እናሳ?»

«እናማ ታበላሺዋለሽ።»

መልመድ ያለባት የመጨረሻው ትምህርት ይኼ ነበር፤ ከጥርሱም ከደሙም ይልቅ የከበዳት ይኼ ነው። ቫርኒሹን በውሃ ፋቀችና የመርጫውን አየር ቀንሳ፣ እጇን አርቃ፣ ጀማሪ እንደሚረጭ አድርጋ ሸካራ ረጨችው። ከዚያ ማስረጀት ተከተለ። የበር ማጠፊያዎች ውስጥ አፈርና አሮጌ ግሪስ ቀላቅላ በጥርስ ብሩሽ ቀባች። የነዳጅ ክዳኑን ውስጥ በጥቁር ሻይ አጠበች። ከበር እጀታዎቹ ሥር ቀለበት ያደረገ እጅ የሚተወውን ጭረት በምስማር ጫፍ ጫረች። ኤጀታ ማተሚያ ቤት ያሠራውን የጎማ ነፋስ ልክ የሚናገር ተለጣፊ በር ላይ ለጠፈች፤ ጠርዙን በጥፍሯ ትንሽ ቀደደችው። ዳሽቦርዱ ላይ ለረጅም ጊዜ ተለጥፎ የኖረ የሚመስል የሕፃን ስቲከር አደረገች፤ መልሳ ግማሹን ላጠችው። በቪትሷ ውስጥ ያልኖረ ቤተሰብ ሁሉ ኖረባት። ሰላሙ ከኋላ ወንበር ሥር የብስኩት ፍርፋሪ በትኖ «ልጆቹ ጨዋ አይደሉም» ሲል ኩልሱም አልሳቀችም። እጇን ስትታጠብ ከቲነሩም በኋላ የማይለቅ ነገር ያለ መሰላት።

ተጋጭታ የማታውቅ የምትባል መኪና ጋራዥ ውስጥ ለገዢ አትታይም። ኤጀታ ቅዳሜ ጠዋት ኮተቤ መንገድ ዳር፣ አንድ ካፌ ፊት ለፊት አቆማት። ዓርብ ከሰዓት ደግሞ ኩልሱምን ለብቻዋ ጠርቷት ነበር።

«ነገ አንቺ የባለቤቷ እህት ነሽ። እህትሽ አራስ ናት፣ ተኝታለች። ሴት የነዳችው መኪና ሲባል ገዢ ይቀልጣል። ጓንት አድርጊ እንዳልልሽ ክረምት አይደለም፤ እጅሽን ብቻ ነጠላ ሥር አድርጊው።»

«ሻርፕ ነው የማደርገው።»

«ሻርፕም ይሁን። እጅ አይታይ!»

ሕሩይም መጥቶ ነበር። ካፌው በረንዳ ላይ እንደማያውቃቸው ሰው ተቀምጦ ወተት አዘዘ። በሕጉ መሠረት የገዢውን ቃል በጆሮው መስማት ነበረበት።

ገዢው ሕዝቅኤል ይባላል። ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የመጣ፣ ቢሮ የሚሠራ፣ ሸሚዙን በጥንቃቄ የተኮሰ ሰው ነው። ማግኔቱ በእርግጥም በመሐረብ ተጠቅልሎ ነበር። በኮፈኑ፣ በበሮቹ፣ በጣሪያው ላይ እያስጠጋ ሄደ። በመካከል ምሰሶው ላይ ሲደርስ ማግኔቱ ተጣበቀ። ሰውየው በጣቱ አጥንት አንኳኳ፤ ተንበርክኮ የበሩን ማጠፊያ አየ፤ አፈሩን በጣቱ ነክቶ አሸተተ። ከዚያ ብርሃኑ እንዲመታት ራሱን አዘንብሎ ቀለሙን ተመለከተ።

«ፋብሪካ ነው» አለ። «ምንም አልተነካችም።»

በረንዳው ላይ ሕሩይ የወተቱን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ወደ ኩልሱም አላየም፤ ግን አገጩን አንድ ጊዜ ወደ ታች አደረገ። ባለሙያ ሆናለች።

ኤጀታ ቁልፉን እያንሿሿ ከፊት ለፊት ሲዞር ሕዝቅኤል ወደ እሷ ቀረበ።

«እህቴ፣ ይቅርታ፣ ደላላ አላምንም። አንቺን ልጠይቅሽ። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ትንሿ ኬጂ ናት። ጠዋት ጠዋት ይዣቸው ነው የምወርደው። መኪናዋ አደጋ አይታ ታውቃለች? በእናትሽ።»

«በእናቴ?»

«በእናትሽ።»

ኩልሱም ሻርፗ ሥር የደበቀችውን እጇን አወጣች። የኋላውን በር ከፍታ በምሰሶው ላይ የሚሄደውን ጥቁር የበር ጎማ ከላይ ያዘችና ስትስበው እስከ ታች ተላቀቀ። ከጎማው ሥር፣ ቀለም በማይደርስበት፣ የሰላሙ ብየዳ እንደ በሰለ ቁስል ተንጠባጥቦ ይታይ ነበር።

«ሁለት መኪና ናት» አለች። «እዚህ ጋ ነው የተቀጠለችው። ወለሉም ጣሪያውም እንዲሁ ነው። ልጆችዎን አያስገቡባት።»

ሰውየው አጎንብሶ አየ። በጣቱ ነካው። ኤጀታ እየሮጠ መጥቶ «ምን ሆንሽ? ወንድሜ፣ ይቺ ልጅ ከእህቷ ጋር በውርስ ተጣልታ ነው፣ አትስማት!» አለ። ሕዝቅኤል አልሰማውም። ቀና ብሎ ሸሚዙን አስተካከለና ኤጀታን በክርኑ ይዞ ወደ ካፌው ግድግዳ ወሰደው።

ኩልሱም የጎማውን ጫፍ እንደያዘች ቆማ ጠበቀች። ሰውየው ሲጮህ ወይም ፖሊስ ሲጠራ ለማየት ነበር የጠበቀችው። የሰማችው ግን የዋጋ ክርክር ድምፅ ነው። መጀመሪያ ዝቅ ያለ፣ ከዚያ ሞቅ ያለ፣ ከዚያ ሳቅ የገባበት። ኤጀታ «እንደሱማ አትግደለኝ» ይላል፤ ሕዝቅኤል «ብየዳውን በዓይኔ አይቼ?» ይላል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ተጨባበጡ።

ሕዝቅኤል ወደ መኪናዋ ተመለሰ። ፊቱ ቀልቷል፤ ተደስቷል።

«ልጆችዎስ?» አለች ኩልሱም።

«ልጆቹን ሰርቪስ ይወስዳቸዋል። እኔም ብዙ አልይዛትም፤ እስከ ፋሲካ ነድቼ እለቃታለሁ።»

«ለማን?»

«ለሚገዛ ሰው ነዋ!» አለ በግርምት። ከዚያ ዝቅ አድርጎ፣ የተበደለ ሰው ድምፅ እያሰማ፣ «እውነቱን ልንገርሽ፣ ባታሳዪኝ ኖሮ ንጹሕ ሰው ሆኜ ነበር የምገዛት። አሁን እኔም ልዋሽ ነው» አላት። በቲነር የተሰነጣጠቀውን እጇን አየና ፈገግ አለ። «አንቺ ነሽ አይደል የቀባሻት? ሥራሽ ሥራ ነው። ስልክሽን ስጪኝ፤ የወንድሜም መኪና አለች፣ ከኋላዋ ተመትታለች። በይ አሁን ጎማውን መልሺው፤ ሰው ያያል።»

ኩልሱም ጎማውን ለቀቀችው። እስከ መሬት ተንጠለጠለ። ሕሩይ ከበረንዳው ወርዶ፣ አጎንብሶ፣ በአውራ ጣቱ እየተጫነ ጎማውን ከታች እስከ ላይ ወደ ቦታው መለሰው። ሲጨርስ ብየዳው አልነበረም። ቪትሷ ወደ ኮተቤ በኩል ስትሄድ በጠዋቱ ፀሐይ ነጭነቷ ልክ ነበር፤ ከአሥራ አንዱ ነጭ ትክክለኛው።

ሲመለሱ ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሕሩይ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጉልበቷ ላይ አኖረው።

«‹ፋብሪካ ነው› ብሏል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያ በኋላ የቀባጠርሽው ከሕጉ ውጭ ነው። ክፍሉ ያንቺ ነው።»

«አሳየሁት እኮ፣ ጋሽ ሕሩይ።»

«አሳየሽው። አይቶም ገዛት። አልዋሸንም፣ አልደበቅንም። ከዚህ በላይ ምን እውነት ትፈልጊያለሽ?»

ኩልሱም ቁልፉን በመዳፏ ያዘችው። እስከ ካራ ድረስ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ሰውየው ትክክል ስለነበረ አይደለም፤ አፉንና ጺሙ ላይ የደረቀውን ወተት ላለማየት ነው። ሲወርዱ ቁልፉን መለሰችለት።

«ክፍሉ ይቅርብኝ።»

«ቀለም ልትተዪ?»

«ቀለም አልተውኩም።»

«ከዚህ ወጥተሽ ማን ያምንሻል?» አለ ሕሩይ። ስድብ አልነበረም፤ የሚያውቀውን ነው የነገራት። «እኔ ካልመሰከርኩልሽ ሙሉ መኪና መቅባትሽን ማን ያውቃል?»

ትክክል ነበር። ሰላሙ በማግስቱ ልብሷንና የግሏን የቀለም መርጫ በፌስታል አድርጎ ሾላ ድረስ አመጣላት። «ጋሽ ሕሩይ ‹አበደች› ይላል» አላት። «እኔ ግን ‹ጥርስ ስትቀብር ነው የጀመራት› አልኩት።» እናቷ ሐቢባ ፌስታሉን በሩቁ አስቀመጠችው። ምን እንደተፈጠረ ሁለት ጊዜ አስነገረቻትና «ገዛት?» አለች። ደግማ «አይቶ ገዛት?» አለች። ከዚያ ወደ ደንበኛዋ ዞረች።

ሁለት ወር ሥራ ፈልጋ በመጋቢት መጨረሻ ኮተቤ ውስጥ ለኢንሹራንስ ሥራ የሚሠራ አንድ ጋራዥ የሙከራ ጊዜ ሰጣት። እዚያ የተጋጨ መኪና መጋጨቱ በወረቀት ተጽፎ፣ ፎቶ ተነሥቶ ነው የሚገባው። አለቃው ወፍራም፣ ችኩል ሰው ነበር። መርጫዋን ከፌስታሉ አውጥቶ አገላበጠው።

«ሙሉ መኪና ቀብተሽ ታውቂያለሽ?»

«አንድ።»

«የት አለ? ልየው።»

«አላውቅም። ከተማው ውስጥ ነው።»

«ምን ዓይነት ነው?»

«ቢያዩትም አያውቁትም» አለች ኩልሱም። «የፋብሪካ ቀለም ነው የሚመስለው።»

አለቃው ሳቀ። «ሁሉም እንደሱ ነው የሚለኝ» አለና የብርጭቆ ወረቀት ሰጥቷት አንድ የጭነት መኪና በር አሳያት። በሩ ላይ ከእሷ በፊት የነበረ ሰው የለጠፈው ስቱኮ ደርቋል። ኩልሱም ሻርፗን አጥብቃ አሰረች፣ ውሃ አፈሰሰችበትና ከመፋቋ በፊት ጥፍሯን በጠርዙ አስገብታ ከሥሩ ምን እንዳለ ፈተሸች።